በታኅሣሥ የተነሳ መቀስ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ በጎች ሰው ሲሸልቱ አየሁ።

አስቀድሜ ባሌን ልንገራችሁ። ሸዋንግዛው ይባላል። እዚህ መንዝ ውስጥ እንደሱ ያለ ገበሬ፣ እንደሱ ያለ በግ ሸላች አልነበረም። በጎቹን ወንዝ አውርዶ ያጥባል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃል፣ አራት እግራቸውን አስሮ ጠጉራቸውን ያወርዳል፤ አንዲት ጠብታ ደም አይታይም። እኔ እፈትላለሁ፣ ባና ተሠርቶ ብርዱን እንመክትበታለን። አንድ ሕግ ነበረው፦ ከጥቅምት ወዲያ መቀስ አያነሳም። «በውርጭ በግ የሚሸልት እጁ ይቆረጥ» ይል ነበር። ከዚያ ለምክር ቤት ተመረጠ። ይኸው አምስት ዓመቱ፤ መቀሱ ግድግዳ ላይ ዛገ፣ ባለቤቱም ከተማ ቀረ። ቤቱን የሚያስታውሰው ለፋሲካ ነው፣ ያውም ካስታወሰ።

ሕልሙ እንዲህ ነው። ወንዝ ወረድኩ። የኛ በጎች የቀበሌውን ሊቀመንበር ውሃ ውስጥ አጋድመው በሳሙና ያጥቡታል።

«ጆሮውን ደህና አድርገሽ ፈትጊው» አለች አንዷ ለሌላዋ። «ስንት ዓመት ሰው ሳይሰማበት ኖሯል።»

ቤቴ ስመለስ የወረዳው ሠራተኞች ወረቀታቸውን ይዘው ደጄ ላይ ተሰልፈዋል።

«እትዬ አስካለ፣ ይፈርሙልን።»

«ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት፣ ነገ ኑ» አልኳቸው።

«ትናንትም ነገ ብለውን ነበር» ብሎ አንዱ አለቀሰ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ስለ ግጦሽ መሬታችን ማመልከቻ ይዤ ስንት ቀን እነሱ ደጅ ቆሜያለሁ!

ወዲያው ደጄ አዳራሽ ሆነ። በጎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛ ሰዎች መሬት ላይ ገለባ እናኝካለን። አንድ ቀንዳም አውራ በግ ጠረጴዛውን መታ።

«አጀንዳ አንድ። ሰው በታኅሣሥ ይሸለት ወይስ አይሸለት?»

እጄን አወጣሁ። «ብርድ ነው! እንሞታለን!»

«የምርጫ ካርድሽን አሳዪ።»

«በላሁት።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ።»

ሸዋንግዛው መኪናውን ጀርባው ላይ ተሸክሞ ገባ። በጎቹ በሰኮናቸው አጨበጨቡለት። ማይክራፎኑን ሁለቴ ገመጠና «የቀረበው ጥያቄ ተገቢ ነው። ይሸለት!» አለ።

«ከማን እንጀምር?»

«ከሚስቴ። እሷ ለምዳዋለች፣ ትችለዋለች።»

ያን ጊዜ ነደደኝ። አምስት ዓመት ብቻዬን ያረምኩት፣ ብቻዬን ያጨድኩት፣ ብቻዬን በግ ያዋለድኩት ሁሉ ትዝ አለኝ። ምን ያደርጋል፣ እጅና እግሬን አስረው ጣሉኝ። ጠጉሬን አወረዱት። ቀሚሴን አወረዱት። ስፈትለው ሁለት ዓመት የፈጀብኝን ባናዬን አወረዱት። ቦቂት ብቻ፣ ያቺ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት እርጉዝ በጌ፣ «ተዉ፣ ትሞታለች!» ብላ ጮኸች። ማን ይስማት። መቀሱ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ...

ነቃሁ። ባናዬ ላዬ ላይ አለ። መቀሱ ግን አላቆመም።

ወጣሁ። ሳሩ በውርጭ ነጥቷል። ግቢዬ ውስጥ መኪና ቆሟል። ሸዋንግዛው በጥቁር ካፖርት ተንበርክኮ፣ ያንን የዛገ መቀስ ይዞ፣ የቦቂትን አንድ ጎን ገፎታል። ቆዳዋ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ይደማል። ሆዷ ይንቀጠቀጣል፤ ለመውለድ ሳምንት አልቀራትም። ካሜራ የያዘ ሰውዬ «ክቡርነትዎ፣ ቀና ይበሉ፣ ፈገግ ይበሉ!» ይለዋል። ምርጫው በሚቀጥለው ወር ነው።

«ሸዋንግዛው! ይሄ ምን ወር ነው?»

«እንዴት አደርሽ» አለኝ፣ ጥርሱን ለካሜራው እንዳሳየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝም በይ፣ እየቀረጹ ነው። ሕዝቡ ከየት እንደተነሳሁ ይይ።»

«ታኅሣሥ ነው! በሆዷ ያለውን ልትገድለው ነው?»

«አንዲት በግ ናት እኮ፣ አስካለ።»

አንዲት በግ። ይህን ያለኝ ያ ሸላቹ ባሌ ነው!

የካፖርቱን አንገት ይዤ ከላዩ ላይ ገፈፍኩት። አዝራሮቹ ተበተኑ። ሸሚዙንም ደገምኩ። ቦቂትን ፈትቼ በካፖርቱ ጠቀለልኳትና ታቅፌ ተነሳሁ። ክቡርነታቸው በካናቴራ ብቻ ውርጩ ላይ ተንበርክከው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ሰውዬው ካሜራውን ሊያወርድ ሲል አየሁት።

«እንዳታቆም!» አልኩት። «ቅረጸው። ሕዝቡ ይይ።»