ለምሰሶ የተነገረ

ከግዑዝ ነገር ጋር ተነጋግሮ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። እንቅፋት የሆነበትን ድንጋይ ያልሰደበ፣ አልነሳም ያለ ሚኒባስ ያልለመነ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩን ያልተቆጣ ማን አለ? እኛ የአማርኛ መምህራን ለዚህ አነጋገር የክብር ስም ሰጥተን «እንቶኔ» እንለዋለን፤ የማይሰማውን እንደሚሰማ፣ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማናገር። ላቲን የተማረ አንድ ባልደረባዬ እንደሚለኝ፣ የላቲን ተማሪዎችም ይህንኑ ዘይቤ በሌላ ስም ይሸመድዱታል። ከድንጋይ ጋር መጣላት እንግዲህ የዓለም ሕዝብ ጠባይ ነው።

እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ነገር ፊት ለፊት ሲወረወር እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ደብረ ማርቆስ ተመድቤ ስመጣ ነገር ዞሮ፣ አርፎ፣ ሻይ ጠጥቶ እንደሚመጣ ተማርኩ። ለዚህ አገር ልጆች ዘይቤ ማስተማር ለዓሣ ዋና እንደማስተማር ነው። ቢሆንም ደመወዜ ነውና አስተማርኩ።

ከተማሪዎቼ መካከል ሰብለ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ሉማሜ አጠገብ አራሾች ናቸው። ታላቅ እህቷ ስትዳር ጠራችኝና ሄድኩ።

ዳሱ ሞልቷል፤ ጨዋታው ግን አልሞቀም። ምክንያቱን አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሹክ አሉኝ። የሰብለ አባት አቶ አለምነህና ታላቅ ወንድማቸው አቶ ስንሻው በመስኖ ውሃ ተጣልተዋል። የአባትዬው ማሳ ከላይ ነው፤ ውሃውን እዚያው ያስቀሩታል። የታችኛው የአቶ ስንሻው ማሳ ደርቋል። ሽማግሌ ገብቶ አልሆነም። አቶ ስንሻው ከሰርጉ መቅረት ነውር ሆኖባቸው መጥተዋል፤ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሙሽራዪቱን መርቆ መሸኘት ደግሞ የእሳቸው የታላቁ ድርሻ ነው። ሙሽራው ቆሟል፣ የመኪናው ሞተር ተነስቷል፣ ምርቃት የለም። ሙሽራዪቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ያኔ ሰብለ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና ወደ ዳሱ ምሰሶ ሄደች። ወንድማማቾቹ ልጅ ሳሉ አብረው ከተከሉት ባሕር ዛፍ የተቆረጠ ነው። መዳፏን አሳረፈችበት።

«አንተ ምሰሶ፣ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው የተከሉህ። አንዱ ጉድጓድ ማሰ፣ አንዱ ውሃ አመላለሰ። ውሃው የማን ነው ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? እህቴ ልትሄድ ነው። መርቃት እንዳልልህ አፍ የለህም። አፍ ያለውም ዝም ብሏል።»

እኔ ወንበሬ ላይ ደረቅሁ፤ ልጅቷ በሽማግሌ ፊት ደፈረች ቢሏት ጥፋቱ የትምህርቴ ነው።

አቶ ስንሻው ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው ምሰሶው ላይ ነው። «ምሰሶ፣ ለሙሽራዪቱ አባት ንገርልኝ። ማሳዬ ደርቆ ምላሴ በምን ይርጠብ?»

አቶ አለምነህም ወደ ምሰሶው ዞሩ። «ምሰሶ፣ ለወንድሜ ንገርልኝ። ከነገ ጀምሮ ውሃው በተራ ይወርዳል።»

«ወንድሜ» የምትለዋን ቃል ያልሰማ አልነበረም።

«ኧረ ምሰሶው ደከመው፤ ራሳችሁ ተነጋገሩ» አሉ አጠገቤ ያሉት እናት። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አባትዬው ተነስተው የታላቃቸውን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ አቶ ስንሻው ሳያስጨርሱ አነሷቸው። ከዚያ ለሙሽራዪቱ ያወረዱት ምርቃት! ሹፌሩ ሞተር አጥፍቶ «አሜን» ሊል ገባ።

እኔስ? አንገቴ እንደ ቀጭኔ ረዘመ። የዚያች ልጅ መምህርት እኮ ነኝ፤ ላልጠየቀኝ ሁሉ ተናገርኩ። ወሬው አቶ ስንሻው ጆሮ ደርሶ ኖሮ ልሄድ ስወጣ አስቆሙኝ።

«ይህን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት አሉ?»

«አዎ። እንቶኔ ይባላል።»

«እንቶኔ» አሉ፣ ቃሉን እንደ ጠላ እያጣጣሙ። «እናታችን አባታችንን ስታኮርፍ እሱ እየሰማ ለላሟ ነበር የምትናገረው። ሰብለ ቁርጥ እሷን ናት። ለካ ስም አለው፤ ስሙን ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን።»

ዘሩ የአያትዬዋ፣ አጨዳው የልጅቷ፣ የእኔ ድርሻ ስሙ ብቻ ሆኖ ቀረ። ግዴለም፤ በአገራችን ስም ያወጣም ዘመድ ነው። አንገቴን ሳላሳጥር ሚኒባስ ተሳፈርኩ።