አስመራን ያየ ሰው አንጋጫ ሲሄድ

አንድ ጊዜ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ዕድሜ ልኩን የማይወርድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሆሳዕና ከተማ ገጥሞኛል። ነጋዴው አቶ ኤርጫፎ በንጉሡ ዘመን ከአዲስ አበባ አስመራ በረው ነበርና፣ "ቁርሴን አዲስ አበባ፣ ምሳዬን አስመራ!" ይሉናል። አስመራን ያላየን እኛም ቁጭ ብለን እንሰማለን።

አንድ ጊዜ ለወንድ ልጃቸው ሙሽራ ልናመጣ ወደ አንጋጫ ስንሄድ፣ የበልግ ዝናብ ያበላሸው መንገድ ላይ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። የሙሽራዋ ወገኖች ደግሞ ቀትር ካለፈ ልጃችንን አንሰጥም ብለዋል።

አቶ ኤርጫፎ ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጡ፣ "በአውሮፕላን ቢሆን ይሄኔ አስመራ ደርሰን ነበር" አሉ።

"አስመራ ምን ሙሽራ አለን?" አሏቸው ባለቤታቸው። "ይልቅ ይውረዱና ይግፉ!"

ወረዱ። አዲሱን ኮታቸውን አውልቀው ከጎማው ሥር አነጠፉና ትከሻቸውን ሰጡ። እኛም አብረን ገፋን። መኪናው እያጓራ ወጣ!

አንጋጫ የደረስነው ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። አቶ ኤርጫፎ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ ከሚዜዎቹ ፊት እየጨፈሩ ገቡ። የሙሽራዋ አባት ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸውና አቀፏቸው።

"ልጄን ለዚህ ቤት ካልሰጠሁ ለማን ልሰጥ ነው?" አሉ። እልልታው ቀለጠ።