ሦስት ሺህ ዓመት የሞላው የዶሮ ቤት

(ወርቅ ሊቆፈርበት በታሰበ መሬት ላይ። ዶክተር፣ ቦታው ቅርስ ይኑረው አይኑረው የሚያጠናው ባለሙያ፣ አንድ የፈረሰ የድንጋይ ካብ ሥር ተንበርክኮ በማጉያ መነጽር ያያል። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ቤታቸው ከኋላቸው ይታያል።)

ጋሼ፦ ኧረ ተነስ ዶክተር፣ ሱሪህን ጨረስከው! የዶሮ ቤት ነው አልኩህ እኮ!

ዶክተር፦ ጋሼ፣ እርስዎ ዶሮ ያውቃሉ፣ እኔ ድንጋይ አውቃለሁ። ይህ ሦስት ሺህ ዓመት የሞላው መቅደስ ነው።

ጋሼ፦ በእጄ ነው የካብኩት! ያኔ የቀጠቀጥኩት ጥፍር ይኸው፣ እስካሁን አልተስተካከለም።

ዶክተር፦ (ጥፍሩን ሳያይ) ቅርስ ካልተገኘ በሚቀጥለው ሳምንት ዶዘር እንደሚገባ ያውቃሉ? ቤትዎም እንደሚፈርስ?

ጋሼ፦ እንዴት አላውቅም! ባለቤቴ አልጋውን ፈታትታ እያሰረች ነው። ሠላሳ ዓመት የኖርንበት ቤት ነው፣ አንጀቴን ነው የሚበላኝ።

ዶክተር፦ ታዲያ በገዛ አፍዎ ያፈርሱታል? ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱን ለማትረፍ ስንቱን ይቀባጥር ነበር!

ጋሼ፦ ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይሄው ነው።

ዶክተር፦ (ለራሱ) ምስኪን! የዋህነትም ልክ አለው። (ጮክ ብሎ) በሩ ለምን ወደ ምሥራቅ ዞረ?

ጋሼ፦ ጠዋት ፀሐይ እንድትገባላቸው።

ዶክተር፦ (ይጽፋል) «ፀሐይ ያመልኩ ነበር።»

ጋሼ፦ እነማን? ዶሮዎቹ?

ዶክተር፦ በሩ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። የሚገባ ሁሉ በአክብሮት አጎንብሶ...

ጋሼ፦ ዶሮ አጎንብሳ ስትገባ አይተህ ታውቃለህ?

ዶክተር፦ አመዱስ? የመሥዋዕት እሳት ነው!

ጋሼ፦ የዶሮ ቅማል ገብቶ ጉዝጓዙን አቃጥዬ ነው።

ዶክተር፦ አጥንቱስ?

ጋሼ፦ (ባርኔጣቸውን አውልቀው) እሷማ ቡኒዋ ናት። ድመት በላብኝ። በየቀኑ ነበር የምትጥለው። ያን ቀን እህል የሚባል በአፌ አልዞረም።

ዶክተር፦ «ሕዝቡ በመሥዋዕቱ ቀን ይጾም ነበር።»

ጋሼ፦ ሕዝቡ ሳይሆን እኔ ነኝ! ባለቤቴማ ጥግብ ብላ ነው የበላችው።

ዶክተር፦ «ከሴቶች በስተቀር።» ይህ ላባ ደግሞ የአለቃቸው ዘውድ ነው።

ጋሼ፦ የአውራው ጭራ ነው! ላባ ሦስት ሺህ ዓመት ይቆያል እንዴ?

ዶክተር፦ ይሄኛው ቆይቷል።

ጋሼ፦ (ከመሬት አንስተው) ይሄስ ሰማያዊ የፕላስቲክ ክዳን? ውኃ ይጠጡበት ነበር።

ዶክተር፦ (ቀምቶ አርቆ ይወረውረዋል) ነፋስ ያመጣው ነው! ጥናቴን አያበላሹብኝ።

ጋሼ፦ እሺ፣ እንቁላል ቢገኝስ?

ዶክተር፦ ዝም ይበሉ፣ እየፈረምኩ ነው! (ቀይ ባንዲራ ይተክላል) ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ካብ ዙሪያ እስከ መቶ ሜትር ማንም አካፋ አያነሳም።

ጋሼ፦ ቤቴ እኮ ሠላሳ እርምጃ ላይ ናት።

ዶክተር፦ እንግዲያው እሷም አብራ ተረፈች። እኔን ያመስግኑ።

ጋሼ፦ ተው ልጄ፣ ኋላ ሰው ፊት እንዳታፍር! የዶሮ ቤት ነው!

ዶክተር፦ አንድ ጊዜ ደግመው «የዶሮ ቤት» ቢሉ በቅርስ ማንቋሸሽ እከስዎታለሁ! (ተቆጥቶ መኪናው ውስጥ ይገባና ይሄዳል)

(ጋሼ መኪናው ከዓይናቸው እስኪሰወር ይጠብቃሉ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረው ይጮኻሉ።)

ጋሼ፦ አንቺ! አልጋውን መልሰሽ ዘርጊው! ለመጀመሪያው ባለሙያ የንጉሥ መቃብር ነው ብዬ ብምልለት ስቆብኝ ሄደ። ለሁለተኛው ቅድመ አያቶቼ የሰገዱበት ነው ብዬ ብነግረው ውሸታም አለኝ። ለዚህኛው ግን እውነቱን ነገርኩታ!