ሱሪና ኢንተርኔት

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ሜትርህን ጠቅልል! ኢንተርኔት በሜትር አይለካም አልኩህ!

ሰፊው፦ አሁን አንተ አይደለህ እንዴ «እስከ አሥር ሜትር ይደርሳል» ያልከኝ?

ሊቁ፦ ለአባባል ያህል ነዋ!

ሰፊው፦ [ተንበርክኮ ሜትሩን ከጠረጴዛው እግር እስከ በሩ እየዘረጋ] እኔ ቤት ለአባባል ያህል የሚባል ሜትር የለም። ለአባባል ያህል የተለካ እጅጌ ስንት ደንበኛ እንዳሳጣኝ እኔ ነኝ የማውቀው። አራት ሜትር ከሰባ። ጎሽ፣ በሩ ድረስ ኢንተርኔት አለን።

[ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ በእግር የሚረገጥ የስፌት ማሽን፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ደንበኛ ልብስ የሚሞክርበት በመጋረጃ የተከለለ ጥግ፣ በቃ። ዛሬ ካውያው መሬት ወርዶ ጠረጴዛው ላይ የሰፊው ልጅ ላፕቶፕ ተቀምጧል። አራት ሰዓት ላይ አንዲት ርዕሰ መምህርት ከሌላ ከተማ ሆነው በላፕቶፑ ያነጋግሩታል። ስፌቱን አይተው ከወደዱት የሦስት መቶ ተማሪ ዩኒፎርም የእሱ ነው። ካላገኙት ሥራው ለፋብሪካ ይሄዳል። ሰፊው ሁለት ወር ሙሉ ዚፕ ከመቀየር ሌላ የረባ ሥራ አላየም፤ ፈርቷል፣ ፍርሃቱን ደብቆ ነው የሚለካው። የራሱ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፣ ከመደወል ሌላ ሙያ የላትም። ኢንተርኔት ያለው ስልክ የሚስቱ ወንድም ጋ ነው። ሰፈርተኛው ይህን ሰው «ሊቁ» ይለዋል፤ ለሹፈት መሆኑ እስከ ዛሬ አልገባውም።]

ሊቁ፦ በል ስማኝ፣ አንዴ ነው የማስረዳህ። ስልኬ ኢንተርኔቱን ከአየር ላይ ይቀልባል። ከዚያ ሆትስፖት የሚባለውን እከፍተዋለሁ። ላፕቶፑ የይለፍ ቃሉን ይናገርና ይገባል። ገባህ?

ሰፊው፦ ገባኝ። ስልኩ ይሰጣል፣ ላፕቶፑ ይቀበላል። ልጄም ጠዋት እንደዚሁ ነው ያለችኝ። «አባዬ፣ ሁለቱን እንዳታራርቃቸው» ብላኛለች።

ሊቁ፦ ልጅህ ምን ታውቃለች?

ሰፊው፦ ኮምፒዩተር እኮ ነው የምታስተምረው።

ሊቁ፦ ማስተማር ሌላ፣ ማወቅ ሌላ! [ስልኩን ይነካካል፣ ላፕቶፑ ላይ ይጽፋል፣ ስልኩን ሱሪ ኪሱ ይከታል፣ ደረቱን ይነፋል] ይኸው! ገባ!

ሰፊው፦ እሰይ! እጅህ ይባረክ! በል አሁን ቁጭ በልልኝ።

ሊቁ፦ ምን ቁጭ ያሰኛል፣ ገና ግማሽ ሰዓት አለ። ማዶ ላለው ፀጉር አስተካካይ ኢንተርኔት ያስገባሁልህ እኔ መሆኔን ልንገረውና መጣሁ።

ሰፊው፦ እኔ እነግረዋለሁ።

ሊቁ፦ አንተማ አሳንሰህ ነው የምታወራው።

[ይወጣል። ሰፊው ሊያሳያቸው ያዘጋጀውን ኮሌታ በመዳፉ እያሻሸ ላፕቶፑን ያያል። አፍታም ሳይቆይ ከስክሪኑ ጥግ ያለችው የኢንተርኔት ምልክት ድርግም ትላለች።]

ሰፊው፦ [ከበሩ ወደ ማዶ] ሊቁ! ኧረ ሊቁ! ጠፋ!

ሊቁ፦ [መንገዱን እየተሻገረ] ምኑን ነካካኸው?

ሰፊው፦ ምንም። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ነው የቆምኩት።

ሊቁ፦ ዞር በል እስቲ። [አንድ ቁልፍ ጠቅ ያደርጋል] ይኸው! መጣ! አየህ እጅ ማለት?

ሰፊው፦ ሳትነካው ነው እኮ የመጣው። ገና ደፉን ስትረግጥ ብልጭ አለ።

ሊቁ፦ ደንግጦ ነው። ባለሙያ ሲያይ ማሽንም ይደነግጣል።

ሰፊው፦ የኔ ማሽን ሃያ ዓመት ሙሉ ደንግጦልኝ አያውቅም። እኔ የሚመስለኝ፣ ስልኩን ይዘኸው ስለወጣህ ነው።

ሊቁ፦ [ከት ብሎ እየሳቀ] ወይ ጋሼ! ከጎረቤት እሳት ጭረህ ምድጃህን ካነደድክ በኋላ፣ ጎረቤትህ ቤቱን ዘግቶ ቢሄድ እሳትህ ይጠፋል?

ሰፊው፦ አይጠፋም።

ሊቁ፦ አለቀ! እሳቱን ጭሬልሃለሁ። ከዚህ ወዲያ ላፕቶፑ ይወቅበት።

ሰፊው፦ ይሄ ግን እሳት እሳት አይለኝም፤ ክር ክር ነው የሚለኝ። የክሩን ጥቅል ኪስህ ከተህ ብትወጣ መርፌዬ በባዶ ነው የሚወጋው።

ሊቁ፦ ክር? ጋሼ፣ ገመድ አልባ እኮ ነው! ስሙ ራሱ ገመድ አልባ! ከየት አምጥተህ ነው ክር የምታስገባበት?

ሰፊው፦ እሺ፣ አልገባኝም።

ሊቁ፦ አይገባህም፣ አትፈር። ችግሩ ያለው መንገዱ ጥግ ካለው የስልክ ምሰሶ ላይ ነው። ሄጄ አይቼው ልምጣ።

ሰፊው፦ አትሂድ! አሁን ደህና እየሠራ አይደል?

ሊቁ፦ ሲሠራ ነው ችግርን ማጥናት!

[ውልቅ ይላል። ሰፊው ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ከንፈሩን ይገጥማል። አንድ ዓይኑን በመስኮት ሊቁ ላይ፣ አንድ ዓይኑን ላፕቶፑ ላይ ጥሎ ይቆጥራል።]

ሰፊው፦ አሥራ ሁለት... አሥራ ሦስት... አሥራ አራት... አሥራ አምስት። ጠፋ።

[የደንበኛ ወገብ እንደሚመዘግብ ሁሉ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ «15 እርምጃ» ብሎ ይጽፋል። ሊቁ እጁን እያራገፈ ይመለሳል።]

ሊቁ፦ ምሰሶውን ሁለቴ በጥፊ አልኩት። መጣ አይደል?

ሰፊው፦ መጣ።

ሊቁ፦ በስንተኛው ጥፊ?

ሰፊው፦ በአሥራ አምስተኛው እርምጃ። ሊቁ፣ ልብ ብለሃል? ችግሩን ልትፈልግ ስትወጣ ችግሩ ይመጣል፤ አጥተኸው ስትመለስ ችግሩ ይሄዳል።

ሊቁ፦ ምን ለማለት ነው? ችግሩ እኔ ነኝ?

ሰፊው፦ ኧረ እኔ አልወጣኝም!

[ከአፉ ነው ያልወጣው። በሆዱማ ሦስቴ ብሎታል።]

ሊቁ፦ ስንት ደቂቃ ቀረን?

ሰፊው፦ አምስት።

ሊቁ፦ መላ አለኝ። ሴትየዋ እስኪጨርሱ እኔ ምሰሶው ሥር እቆማለሁ። ጠፋ ስትለኝ አቀምሰዋለሁ።

ሰፊው፦ ምሰሶው ሥር? ያ እኮ ሰባ እርምጃ ነው! ሊቁ፣ በናትህ፣ ስልኩን እንኳ እዚህ አስቀምጥልኝ።

ሊቁ፦ ስልኬን? ስልኬን ሚስቴም አትነካው! አንተ ነካክተህ ብታበላሸው ማን ይጠግነዋል? እኔው! በቃ፣ ሄድኩ።

[ሰፊውን ነጭ ላብ አጠመቀው። አስረዳ፣ አልሆነም። ለመነ፣ አልሆነም። ሦስት መቶ ዩኒፎርም በሊቁ ኪስ ተቋጥሮ በበሩ ሊወጣ ነው። ሊቁ ጀርባውን ሲሰጠው ግን የሰፊው ዓይን እንደ ልማዱ ሱሪው ላይ አረፈ።]

ሰፊው፦ ሊቁ... ቆይ እስቲ፣ እንዳትዞር። ውይ!

ሊቁ፦ ምንድን ነው?

ሰፊው፦ ሱሪህ።

ሊቁ፦ ሱሪዬ ምን ሆነ?

ሰፊው፦ ከኋላ ነው። መቀመጫው ላይ። እንዲህ ሆነህ ነው መንገድ የተሻገርከው?

ሊቁ፦ [በሁለት እጁ ኋላውን ይዞ] አትለኝም! ለካ ፀጉር አስተካካዩ ሲስቅ የነበረው ለዚህ ነው! እኔ ስለ ኢንተርኔቱ ሳወራለት ተገርሞ መስሎኝ!

ሰፊው፦ ካያያዝ ይቀደዳል ካነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ? በል ከመጋረጃው ጀርባ ግባና አቀብለኝ፣ የደቂቃ ሥራ ነው።

ሊቁ፦ [ከመጋረጃው ጀርባ ሱሪውን በሁለት እጁ እያቀበለ] ጠበቅ አድርገህ ስፋው እንግዲህ።

ሰፊው፦ አንተ ብቻ እንዳትወጣብኝ።

ሊቁ፦ በምኔ ልውጣ!

[ሰፊው ሱሪውን እንደ ክብር እንግዳ ከላፕቶፑ ጎን ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ወዲያው ላፕቶፑ ይጠራል። ሰፊው ፀጉሩን በምራቁ አስተኝቶ፣ ልጁ ያሳየችውን አረንጓዴ ምልክት ይጫናል።]

ርዕሰ መምህርቷ፦ ጤና ይስጥልኝ። ይሰማል?

ሰፊው፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ? ጥርት ብሎ ይሰማል።

ርዕሰ መምህርቷ፦ ተመስገን! ጠዋት ያነጋገርኳቸው ሰዎች በየደቂቃው ሲቆራረጡብኝ ራሴን አዞሩኝ። የእርስዎ እንዴት እንዲህ አማረ?

ሊቁ፦ [ከመጋረጃው ጀርባ] እኔ ነኝ ያስገባሁት!

ርዕሰ መምህርቷ፦ ማን ናቸው?

ሰፊው፦ የኢንተርኔት ባለሙያችን ናቸው።

ርዕሰ መምህርቷ፦ ብቅ ይበሉና ላመስግናቸዋ!

ሊቁ፦ [ድምፁ ቀጥኖ] አይ... ሥራ... ሥራ ላይ ነኝ!

ርዕሰ መምህርቷ፦ ትጉህ ሰው ናቸው። እስቲ ስፌትዎን ያሳዩኝ።

[ሰፊው ኮሌታውን ወደ ላፕቶፑ ያስጠጋል። ኮሌታው ቀጥ ያለ ነው።]

ርዕሰ መምህርቷ፦ ጎበዝ፣ ያምራል። የኔ ችግር ግን ኮሌታ አይደለም። የኛ ተማሪ ሱሪ አይለብስም፣ ሱሪ ይጨርሳል። ግንብ ላይ ይንሸራተታል፣ አጥር ይወጣል። አዲስ ሱሪ አስለብሰን በወሩ መቀመጫው አፍ ከፍቶ ይመጣል። የእርስዎ ስንት ወር ይቆያል?

ሰፊው፦ [ወንበሩን አየት፣ መጋረጃውን አየት ያደርጋል፤ ከዚያ ሱሪውን አንስቶ ገልብጦ ያሳያል] እመቤቴ፣ ይችን ይዩ። የዛሬ ሰባት ዓመት እኔ የሰፋኋት ናት። ባለቤቷ አንድ ቦታ የማይቀመጥ፣ ሲወጣ ሲገባ የሚውል ሰው ነው። ስፌቷ ድርብ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ክር አልበጠሰችም።

ርዕሰ መምህርቷ፦ ጠጋ ያድርጉልኝ... ይሄማ ብረት ነው! ኪሱ ምነው አበጠ?

ሰፊው፦ ኢንተርኔቱ ነው።

ርዕሰ መምህርቷ፦ [እየሳቁ] ተጫዋችም ነዎት! በሉ፣ ሥራው የእርስዎ ነው። የተማሪዎቹን ልክ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እልክልዎታለሁ፤ እዚያው ሆነው መድረሱን ያረጋግጡልኝ፤ ካልደረሰዎት ሥራው አይጀመርም። ባለሙያውንም ያመስግኑልኝ።

[ላፕቶፑ ዝም ይላል። ሰፊው ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ሱሪውን ደረቱ ላይ ያቅፈዋል። አንጀቱ ራሰ፤ ዓይኑም ትንሽ ራሰ። የሊቁ ራስ ብቻ በመጋረጃው ጠርዝ ብቅ ይላል።]

ሊቁ፦ አለፍን! ጋሼ፣ አለፍን! ግን ሰባት ዓመት አንዲት ክር አልበጠሰችም ስትል እኔ አፈርኩልህ። በዚህ ዕድሜህ ዓይንህን በጨው አጥበህ ትዋሻለህ?

ሰፊው፦ እንካ፣ ልበስ።

ሊቁ፦ [ሱሪውን እያገላበጠ] የቱ ጋ ነበር? እዚህ ጋ? አይደለም... [ወደ ብርሃኑ ይዞት] ጋሼ፣ ሐቁን ልናገር፤ እጅህ የተባረከ ነው። የተሰፋበት ቦታ እንኳ አይታወቅም!

ሰፊው፦ አልተቀደደማ።

[ሊቁ አንድ እግሩን ሱሪው ውስጥ እንደከተተ ይቀራል።]

ሊቁ፦ ታዲያ ለምን አስወለቅከኝ?

ሰፊው፦ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበራ። ስልኩን አልሰጥም አልክ፤ ሱሪውን ግን በሁለት እጅህ ሰጠኸኝ።

ሊቁ፦ ብትነግረኝስ?

ሰፊው፦ ስለ ክሩ ነገርኩህ፣ «ገመድ አልባ ነው» አልከኝ። ስለ እርምጃው ነገርኩህ፣ ምሰሶ ልትመታ ተነሳህ። እኔን ያሳዘነኝ ግን እሱ አይደለም። ያንን ሱሪ ማን ነው የሰፋልህ?

ሊቁ፦ አንተ።

ሰፊው፦ እኔ የሰፋሁት ሱሪ መቀመጫው ላይ ይቀደዳል ብለህ ማመንህ ነው።

ሊቁ፦ [እየተንጨረጨረ ቀበቶውን ያስራል] ሁለተኛ እግሬ እዚህ ቤት አይረግጥም! እኔን የሚያህል ሰው ጠርታችሁ መጫወቻ ታደርጉኛላችሁ?

ሰፊው፦ አንተን ማን ጠራህ? እህትህ «ስልክህን ላክልን» ነው ያለችህ። አንተ ተከትለኸው መጣህ።

[ሊቁ ስልኩን ከሱሪ ኪሱ አውጥቶ፣ ሰፊው እያየው፣ ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ይከተዋል፣ ኮቱንም ይቆልፋል። «እንግዲህ ከዚህ አውጣው!» ያለ ያህል ነው። ወደ በሩ ይገሰግሳል። ሰፊው ጠረጴዛው ላይ የጻፈውን «15 እርምጃ» ያያል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል፤ የተማሪዎቹ ልክ ገና አልመጣም።]

ሰፊው፦ ሊቁ... ቆይ እስቲ። ኮትህ ብብቱ ሥር ተተርትሯል።

ሊቁ፦ [ደፉ ላይ ቆሞ፣ ክንዱን ሽቅብ አንስቶ፣ አንገቱን እያጣመመ] የቱ ጋ?