ለሳንባ ሴሎች፣ ባላችሁበት

ሥርዓት ያለው ቦታ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ኮልፌ ይምጣና ከአስኮ ወደ ሳንሱሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን፣ ስሙን የማልጠራውን ምርምር ቤት ይይ። ግቢው ሁለት ሕንፃ አለው። በሁለቱ መሀል የብረት በር፣ በበሩ ላይ ነገሬ የሚባል ዘበኛ፣ በነገሬ ኪስ ውስጥ ደግሞ መመሪያ አለ። መመሪያው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ከወዲህኛው ሕንፃ ወደ ወዲያኛው ያለ ደብዳቤ የሚያልፍ ዕቃ የለም። አንድ ቀን እንሽላሊት ስታልፍ አይቻለሁ፤ እሷም ብትሆን ግራና ቀኙን አይታ ነው ያለፈችው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ባይኖር ኖሮ ሥራ የሚባል ነገር ገብቶ ግቢውን ያውከው ነበር።

ይህን ያወቅሁት የልጅ ልጄ ሜቲ እዚያ ስለምትማር ነው። ማስተርሷን ለመጨረስ የቀራት አንድ ሙከራ ነው። በሳህን ላይ የሳንባ ሴል ታሳድጋለች። እኔ ዶሮ አርብቻለሁ፣ በግ አርብቻለሁ፣ ሳንባ ሲረባ ግን ሰምቼ አላውቅም። በቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል በታክሲ ስናልፍ እንኳ መስኮቱን የምዘጋላት ሴት ነኝና፣ የነገረችኝ ቀን አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍኜ ነው የላክኋት። እሷ እንደምትለው እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ አለ፤ ስሙ አር ኤን ኤ ነው። ትእዛዙን ያደርስና ይፈርሳል። የሜቲ ሥራ፣ አዲስ መልእክተኛ እንዳይፈጠር በመድኃኒት ካስቆመች በኋላ፣ የነበሩት ግማሽ እስኪሆኑ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መለካት ነው።

«እና ቢቆይስ ምን ጎደለብን?» አልኳት።

«ሥራውን ጨርሶ አልሄድም ያለ መልእክት ሳንባውን ያሳምመዋል፣ እምዬ። በጊዜው መፍረስ አለበት።»

ይህን ልብ በሉልኝ።

ለመለካት በየሁለት ሰዓቱ ከሳህኖቹ ናሙና ትወስዳለች። ናሙናው ወዲያው ካልቀዘቀዘ መልእክተኛው እዚያው ቱቦው ውስጥ ያልቃል። ሴሎቹ ያሉት በወዲህኛው ሕንፃ ነው። በረዶውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ መመገቢያ ክፍሉም በወዲያኛው። መሀል ላይ ነገሬ።

በመጀመሪያው ሙከራ ሜቲ ቱቦዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ደብዳቤው የአስተዳደር ኃላፊው አቶ መሸሻ ዘንድ ተፈርሞ፣ መዝገብ ቤት ወይዘሮ ብዙነሽ ዘንድ ቁጥር ወስዶ፣ ማህተም አርፎበት እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። በዚህ ማንም አይወቀስም። አቶ መሸሻ ደብዳቤ ሳያነቡ አይፈርሙም፣ መነጽራቸውን ሳይወለውሉ አያነቡም፣ የመነጽር ጨርቃቸው ደግሞ ቤት ነው ያለው። ናሙናው ሲለካ ባዶ ሆነ።

በሁለተኛው ሙከራ ሜቲ ብልጥ ሆና ደብዳቤውን ከአንድ ቀን በፊት ጠየቀች። ወይዘሮ ብዙነሽ ከልባቸው አዘኑላት።

«የኔ ልጅ፣ ያልተወለደ ልጅ ክርስትና አይነሣም። ናሙናውን በዓይኔ ካላየሁ ቁጥር አልሰጥም።»

እንደገና ባዶ። የቀራት አንድ ብልቃጥ ሴል ብቻ ሆነ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ልኬቱ ካልወጣ ደግሞ ቦታዋ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል፤ የአምስት ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ልጅቷ እህል አልቀምስም አለች። ባለ ሦስት ደረጃ ምሳ እቃዬን ይዤ በየቀኑ ወደ መመገቢያ ክፍሉ መመላለስ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ምግብ ደብዳቤ አይጠየቅም።

አቶ መሸሻ ችግር አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ስብሰባ ጠሩ። ሜቲ እንደነገረችኝ እንዲህ ተባለ።

«ናሙናው ከበረዶ ውጭ ስንት ጊዜ ይታገሣል?»

«ግማሽ ሰዓት ቢሞላ ነው፣ ጋሽ መሸሻ።»

«የእኛ ደብዳቤስ?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል።»

«ስለዚህ የትዕግሥት ጉድለት ያለው ማን ጋ ነው?»

ወይዘሮ ብዙነሽ ሜቲን ሊረዱ ብለው፣ «ሴሉ ጋ» አሉ።

«ለመሆኑ ሳንባው የማን ነው?»

«ከብዙ ዓመት በፊት ውጭ አገር ካለ ሰው የተወሰደ ነው። ሰውየው ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።»

«ውክልና ሰጥተዋል?»

«ጋሼ፣ ሴሉ እኮ ከሳቸው ተለይቶ ብቻውን ነው የሚኖረው።»

«ራሱን የቻለ ከሆነማ» አሉ አቶ መሸሻ፣ «ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል።»

በነጋታው ሴሎቹ በሚያድጉበት ማሞቂያ ሳጥን በር ላይ ይህ ተለጥፎ ተገኘ።

«ለሳንባ ሴሎች፣ ባላችሁበት። ጉዳዩ፦ የመልእክት ቆይታን ስለማራዘም። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ መልእክቶቻችሁን ያለ ፈቃድ እያፈረሳችሁ የመሥሪያ ቤቱን አሠራር በማደናቀፍ ላይ እንደምትገኙ ተደርሶበታል። ስለሆነም ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁበት ቀን ጀምሮ፣ የማስተላለፊያ ደብዳቤ ተፈርሞ እስኪወጣ ድረስ፣ በእጃችሁ ያለውን መልእክት ጠብቃችሁ እንድትቆዩ በጥብቅ እናሳስባለን። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለማሞቂያ ሳጥኑ፣ ለጥበቃ ክፍል።»

ሰው ለሰው ደብዳቤ በማይጽፍበት ዘመን ለሴል መጻፍ ትልቅ ትሕትና ነው። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሳጥኑ እንኳ ግልባጭ ሲደርሰው ለእኔ ለአያትየው አልደረሰኝም።

ሜቲ ግን ቤት መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች።

«በቃ እምዬ፣ ሴሎቹን አላወጣቸውም። ብልቃጣቸው ውስጥ ይቅሩ።»

«ነገሬ የኔን ምሳ እቃ ከፍቶ አይቶት ያውቃል?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

አይቶት አያውቅም፤ ሊያይም አይችልም። በእኛ ሠፈር የሰው ምሳ እቃ ያስከፈተ «እንብላ» ይባላል፤ በትልቅ ሰው እንብላ የተባለ ደግሞ ሳይጎርስ አይሄድም። ነገሬ ጾመኛ ነው። እኔም ረቡዕን መረጥኩ። ሜቲ እንኳ የእናቷን ቸርች ነው የምትከተለው፣ ረቡዕ አይመለከታትም። እኔ ግን በስተርጅና በጾም ቀን ቅቤ አነጠርኩ፤ የንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝ ለሳይንስ ነው እላለሁ። ታችኛው ደረጃ ከቤት ያመጣሁት በረዶ፣ መሀለኛው ቱቦው፣ ላይኛው በቅቤ የራሰ ፍርፍር። ሜቲ ባዶ እጇን ከጎኔ ትሄዳለች፤ ልትበላ ነዋ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ናሙና አለፈ። በአራት ሰዓት ሁለተኛው። በስድስት ሰዓት ሦስተኛውን ይዘን ስንደርስ ነገሬ ከወንበሩ ተነሣ።

«እማማ፣ ይቺ ልጅ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትበላው?»

«ሳንባ ያስርባል፣ ልጄ።»

«ደግሞ ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል።»

በረዶው ቀልጧል። ክዳኑን ገለጥ አደረግሁና፣

«ቅቤው ነው። ና እንብላ» አልኩት።

ነገሬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ አማተበ።

«ረቡዕ እኮ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ሳይሸትህ ቶሎ ክፈትልን።»

በስምንት ሰዓት የመጨረሻውን ይዘን ስንመጣ ከሩቅ አይቶን በሩን በርግዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጠበቀን።

ለመጀመሪያ ጊዜ ልኬቱ ወጣ። ሜቲ ወረቀቱን ይዛ ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ማንበቡን ግን እሷ ናት ያነበበችው። መልእክተኛው ግማሽ ለመሆን አራት ሰዓት ይፈጅበታል።

ሰኔ ሃያ አራት ቀን መሥሪያ ቤቱ ሰው ሰበሰበ። እኔም ተጠራሁ። አቶ መሸሻ መነጽራቸውን ወልውለው ተነሡ፤ ጨርቁን ለዚሁ ብለው ከቤት አምጥተውታል።

«ከደብዳቤያችን በፊት ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለቴም ባዶ ነበር። ከደብዳቤያችን በኋላ አራት ሰዓት ቆየ። ማስረጃ ከዚህ በላይ አላውቅም።»

ጭብጨባው ጣራ አናወጠ። ሜቲ ልትናገር አፏን ስትከፍት ጎኗን ነካ አደረግኋት። እውነቱ ከወጣ ነገ ምሳ እቃም በደብዳቤ ሊሆን ነው። ለአቶ መሸሻ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ቀጥሎ፣ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ፣ መርቂ ተባልኩ።

«የሴሉን መልእክት በጊዜው የሚያሰናብት አምላክ» አልኩ፣ «የእናንተንም ደብዳቤ በየአራት ሰዓቱ በግማሽ ይቀንስላችሁ።»

«አሜን» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። አቶ መሸሻ ደግመው «አሜን» አሉ።

ምርቃቱም፣ አሜኑም፣ ሜቲ ማስተርሷን ማለፏም በአንድ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ተፈርሞም አለቀ። ሜቲ እንድትመረቅ የቀረው ወረቀቱ ወዲያኛው ሕንፃ መድረሱ ብቻ ነው። ለመሻገር ግን ማስተላለፊያ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ ይኸው አምስት ሳምንቱ። እስከዚያ ሥራ እንዳይፈታ እያንዳንዱ ኃላፊ አስተያየት እየጨመረበት፣ ሁለት ገጽ የነበረው አሥራ አንድ ሆኗል።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ቅቤዬን አነጠርኩ፤ ምሳ እቃውንም አጥቤ አዘጋጀሁ።

«ለቃለ ጉባኤውም ከሥር በረዶ ላድርግለት?» ብዬ ሜቲን ጠየቅኋት።

«አያስፈልግም፣ እምዬ» አለችኝ። «እሱ አይፈርስም።»