የጽዳት ዘመቻውና የአባቴ ጉድጓድ

ሰው የሚፈራው ነገር አያልቅም። አንዱ እባብ ይፈራል፣ ሌላው ፈተና፣ አንዳንዱ ደግሞ የሚስቱን ዝምታ። እናንተም የየራሳችሁ አላችሁ፤ አልጠይቃችሁም። የእኔን ስነግራችሁ ግን እንዳትስቁብኝ። እኔ የምፈራው የጽዳት ዘመቻ ነው።

ቆሻሻውን አይደለም። ጽዳቱን።

ሰነፍ ናት እንዳትሉኝ፤ መጥረጊያ ይዞ በመውጣት ማንም አይቀድመኝም። ነገሩ ወዲህ ነው። ጂንካ ውስጥ ሰፈራችን ቁልቁለት ላይ ነው፤ የቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ደግሞ የእኛ። የሰፈሩ ቦይ እኛ ደጅ ሲደርስ በአንዲት ጠባብ ቱቦ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ያቋርጣል። ከመንገዱ ማዶ ያኔ ሣር ብቻ ነበር። አባቴ ሸማኔ ነው። ሸማኔ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ፣ መሬቱን ቆፍሮ እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። እንግዲህ አስቡት፤ ከሰፈሩ ሁሉ ዝቅ ያለው ቤት የእኛ፣ ከቤታችን ሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ የአባቴ ጉድጓድ። ውኃ ደግሞ አድራሻ ጠይቆ አያውቅም።

ዘመቻ በተጠራ ቁጥር ሰው ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን ቦዩ ዳር ይከምራል። «መኪና መጥቶ ያነሳዋል» ይባላል። መኪናው መምጣቱ አይቀርም፤ ብቻ ዝናቡን ቀድሞት አያውቅም። ዝናቡ ክምሩን ይዞ ወርዶ ቱቦው ላይ ይወትፈዋል፤ ከዚያ ውኃው ወደ እኛ ይዞራል። ባለፈው ጊዜ አባቴ ጉድጓዱ እስኪደርቅ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን ሲያይ ሰነበተ። ሰፈራችን በጸዳ ቁጥር እኛ እንቆሽሻለን።

በሚያዝያ አንድ ዓርብ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች ባጃጅ «ነገ ጠዋት ማንም እንዳይቀር!» እያለች በደጃችን አለፈች። እኔ ወዲያው የተራራውን ደመና አየሁ። አባቴ ለአንዲት ሙሽራ ጋቢ ጀምሮ ነበር። ድሩ ተዘርግቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደርሷል። ጭቃ ከነካው አለቀለት፤ ሌላ ድር የምንገዛበት አልነበረንም።

«አባባ፣ ለጋሽ ታደለ ለምን አንነግራቸውም?» አልኩት። ጋሽ ታደለ የሰፈራችን ዘመቻ አስተባባሪ ናቸው።

«ተይ ልጄ፤ የመንግሥት ሥራ ነው። በሰው አገር አፍ ማብዛት ጥሩ አይደለም።»

አባቴ ከጋሞ አገር ጂንካ የመጣው እኔ ሳልወለድ ነው። ጮክ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ብቻ ነው። ፍርሃቴን ከየት እንዳመጣሁት አሁን ገባችሁ።

በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። ጋሽ ታደለ በእጅ ድምፅ ማጉያቸው «ይህን ዘመቻ በኦነርሺፕ፣ በባለቤትነት ነው የምንመራው!» ይላሉ፤ በየመሃሉ አካፋ ተቀብለው ፎቶ ይነሳሉ፣ አካፋውን ይመልሳሉ። ክምሩ ቦዩ ዳር አደገ። ደመናውም አደገ። እኔ አንዴ ክምሩን፣ አንዴ ሰማዩን አያለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰማይ ነው እንዴ የምትጠርጊው?» አሉኝ ባለ ወፍጮዋ እትዬ ብዙነሽ። ሰው ሳቀ።

በመጨረሻ ጋሽ ታደለ «አስተያየት ያለው?» አሉ። እጄ ወጣ። እኔ አላወጣሁትም፤ እሱ ነው የወጣው። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ቱቦው፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ጋቢው። ያ ሁሉ ዓይን ሲዞርብኝ አንድም ቃል አልቀረልኝም። ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነው፤

«ወደ ቤታችን ኑ... ሁላችሁም።»

አብሮ ሲሠራ የዋለ ሰው ወደ ቤት ሲጠራ ምን እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። «ይባረክ! ሸማኔው ቁርስ አዘጋጅቶልናል!» አሉ እትዬ ብዙነሽ። ሕዝቡ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተከተለኝ። ቤት ያለው አንድ ድስት ጎመን ነው። ወደ ኋላ ማየት ፈራሁ፤ ወደ ፊት ማየት ደግሞ ባሰብኝ።

አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ዶማ የያዘውን ሕዝብ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። «ቤቱን ሊያፈርሱብን ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

ሳልመልስለት ዝናቡ ወረደ። የጂንካ ዝናብ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ፤ በሩ ላይ ተጨናንቀን ቆመን ቦዩን አየነው። መጀመሪያ ላስቲክ መጣ፣ ቀጥሎ ነጠላ ጫማ፣ ከዚያ ክምሩ በሙሉ። ቱቦው ታፈነ። ውኃው የበራችንን ደፍ አልፎ የቁርስ እንግዶቻችንን እግር አጠበ። አንድ ባዶ የዱቄት ማዳበሪያ ተንሳፍፎ ገባ።

«ይሄ... የኔ አይደል?» አሉ እትዬ ብዙነሽ ቀስ ብለው።

ያኔ አባቴ ጮኸ። መዝሙር አልነበረም። «ድሩን! ድሩን ወደ ላይ አንሱልኝ!»

አነሱት። አባቴ የድሩን ማሰሪያ ከግድግዳው ፈታው፤ ግራና ቀኝ ቆመው፣ ጋሽ ታደለ ድምፅ ማጉያቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እትዬ ብዙነሽ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ነጩን ድር ከጭቃው ውኃ በላይ ይዘው ቆሙ። የቀሩት ዶማቸውን ይዘው ወደ ቱቦው ሮጡ። የዚያን ቀን እውነተኛው ዘመቻ ይህ ነበር፤ ፎቶ ያነሳ ግን ማንም የለም።

ጋቢው ተረፈ። ጫፉ ላይ አንዲት የጭቃ ነጥብ ቀርታለች፤ ሙሽራዋ አላየቻትም። ቁርሱን ግን እስከ ዛሬ ይጠይቁናል።

በሚቀጥለው ዘመቻ ጋሽ ታደለ በኩራት አወጁ፤ «ካሁን በኋላ ቦዩ ዳር ክምር የለም! ከመንገዱ ማዶ ነው የሚከመረው!» ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ክምሩ ማዶ ማደግ ሲጀምር ወደዚያ አየሁ። ሣር የነበረው ቦታ ላይ ከሐና ከተማ የመጡ ቤተሰቦች በቅርቡ ጎጆ ቀልሰዋል፤ ከሰል ይሸጣሉ። ጎጇቸው ከእኛም ቤት ዝቅ ይላል። እኔን የምታክል ልጃቸው የከሰል ማዳበሪያዎቹን ተደግፋ በሩ ላይ ቆማለች። አንዴ ክምሩን ታያለች፣ አንዴ ሰማዩን።

«አስተያየት ያለው?» አሉ ጋሽ ታደለ።

ልጅቷ አንዱን ማዳበሪያ ከክምሩ እየጎተተች አራቀችው። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ልተወው ነበር፤ የእኛ ጉድጓድ ደርቋል፣ ምን አገባኝ? እጄ ግን አልጠየቀኝም፤ ወጣ።

«ደሞ እጇን አወጣች!» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ዛሬስ ምን አብስላችኋል?»

እናንተዬ፣ ይሄ እጅ አንድ ቀን ይገድለኛል።