ሃርድ ዲስኬን ራውተር ላይ የሰካሁ ዕለት

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ ፈጥረህ ነው ትሉኛላችሁ። ምነው በፈጠርኩት!

እንደምታውቁት ፒያሳ ቪዲዮ ቤት አለኝ፤ ሠርግም ቀብርም እቀርጻለሁ። የምኖረው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እትዬ ብዙነሽ ግቢ ተከራይቼ ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ሉቃስ አምና ሲያርፉ ቀብራቸውን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። በነጻ!

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ከቸርች መልስ "ልጄ፣ እስቲ ያንን ቪዲዮ ክፈትልኝ" ይሉኛል። ሃርድ ዲስኬን ይዤ ሳሎናቸው እገባና ቲቪው ላይ እሰካለሁ። ቀብሩ ጋ ሲደርስ "አቁመው" ይላሉ። "መልሰው።" "አሁንም መልሰው።"

ኤዲቲንጌን የወደዱት መስሎኝ ነበር። ሞኝ!

ዛሬ ግን መመላለሱ ሰለቸኝ። የጋራችን ዋይፋይ ራውተር ከጀርባው የፍላሽ መሰኪያ አለው። ሃርድ ዲስኩን በገመዱ እዚያ ሰካሁት፣ ሴቲንጉን ነካካሁ፣ ቲቪያቸው ላይ ያለ ሽቦ ከች! ኢንተርኔት ቢዘጉብንም ይሠራል! ሪሞቱን አስያዝኳቸውና "ከእንግዲህ እኔን መጥራት የለም" ብዬ ክፍሌ ገብቼ ጋደም አልኩ። ኩራቴን ብታዩት!

ያልታየኝ ምን መሰላችሁ? የተከፈተላቸው የጋሽ ሉቃስ ፎልደር ብቻ አይደለም። ሃርድ ዲስኩ እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ጋሽ ሉቃስ አፈር ሲለብሱ ካሜራዬ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ምን ላድርግ? በዚያው ሳምንት ከከተማው ዳር ቱላ ከቀረጽኩት የሌላ ሰው ቀብር ሁለት ደቂቃ ቆርጬ ቀጠልኩበት። ዝናብ፣ ጃንጥላ፣ ነጠላ... ማን ይለየዋል? እትዬ ብዙነሽ እንደሆኑ በዕለቱ ራሳቸውን አያውቁም ነበር።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጠሩኝ።

ቲቪው ላይ የቱላው ቀብር ቆሟል። አንዲት ሴትዮ ቢጫ ጃንጥላዋን ጥላ መቃብሩ ላይ ተደፍታለች፤ ፊቷ አይታይም።

"ይቺ ሴትዮ እዚህ የሌላ ሰው ቀብር ላይም ምን ትሠራለች?" አሉኝ።

ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

"እኔ እኮ ውሽማው ናት ብዬ ነው" አሉ። "ዓመት ሙሉ! በየእሁዱ የማስመልስህ መልኳን ልለይ ነበር። ለማን ልንገር? ሐውልት ያላሠራሁለት፣ መቃብሩንም ያልረገጥኩት በእሷ ነው።"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ሪሞቱን አስቀመጡና "ታዲያ ለሉቃስ ያለቀሰለት የለም?" አሉኝ።

"ኧረ ነበሩ እትዬ! ሞልተው ነበር! ባትሪው ነው እንጂ..."

ባትሪው! ሰው ፊቴ ተሰብሮ ስለ ባትሪ አወራለሁ።

ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። "ልሸኝዎት" ብዬ እስከ በር ተከተልኳቸው።

"ተወኝ፤ ይቅርታ ልጠይቀው ነው የምሄደው" አሉ።

ይኸውላችሁ። የሰውዬውን ስም ያጠፋሁት እኔ፣ ይቅርታ ሊጠይቁ በእግራቸው የሄዱት እሳቸው። እኔ ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ።

እስቲ ንገሩኝ፤ ሲመለሱ በምን ዓይኔ ልያቸው?